የእሳት ሹም

እናቱ የተቀየመችው በበቆሎ ነው። ሰው በመሬት ይቀያየማል፣ በውርስ ይቀያየማል፤ እሷ ግን አንድ ልጇን የተቀየመችው ከሥራ ሲገባ ፀጉሩ የተጠበሰ እሸት ስለሚሸት ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰውን የምትለየው በእጇና በአፍንጫዋ ነው። ልጇ ገብቶ ጎንበስ ሲልላት ግንባሩን ትስማለች፣ ራሱን ትዳብሳለች፣ የቀረውን አፍንጫዋ ይነግራታል። ፍም ላይ የተገላበጠ በቆሎ። ዛሬም፣ ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ግን ነቀዘ።

«ብቻህን መብላት ከማን ተማርክ?» አለችው አንድ ቀን፣ እጇን ከራሱ ላይ ሳታነሳ።

«ምን በላሁ እማዬ?»

«አታናግረኝ! ጥርስ ባይኖረኝ አፍንጫ አለኝ። አንዲት እሸት ለእናትህ ብታመጣ እጅህ ይሰበራል?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም። «እኔ አልበላሁም» ብሎ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ታዲያ «ካልበላኸው ምን አደረግኸው?» ብትለው ምን ሊል ነው? ጃኬቱን ሰቀለ፣ ውሃ ቀድቶ ፀጉሩን በሳሙና አሸ፣ ደግሞ አሸ። ሽታው አልለቀቀም።

የሥራ ጓደኞቹ «የእሳት ሹም» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት «ሹሙ»። ሹም ሲባል የሚታዘዝለት ሰው ያለ ይመስላል። ለእሱ የሚታዘዙለት አንድ ጉድጓድ፣ አንድ መንሽና አንድ ጀሪካን ጋዝ ናቸው። ከከተማዋ ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ በሁለት ዙር ሽቦ የታጠረ የምርምር ማሳ አለ። በማሳው ላይ ያለውን በቆሎ ሰው «ልውጡ» ይለዋል። ዘረመሉን በቤተ ሙከራ ነካክተው፣ አገዳውን ከውስጥ የሚቦረቡረው ትል እንዳይደፍረው፣ ዝናብ ሲያጥርም ቶሎ እንዳይጠወልግ ያደረጉት በቆሎ ነው። ይዘራል፣ ይለካል፣ ይመዘናል፤ ከዚያ አንድ ፍሬ ሳትቀር ይቃጠላል። ሕጉ ነው። ተመርምሮ አልቆ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ሰውም፣ ከብትም፣ ወፍም አይቀምሰውም። ትሉን ለማየት በእሸትነቱ የተቆረጠው፣ ንፋስ የጣለው፣ በመጨረሻም ደርቆ የተሰበሰበው ሁሉ የሚሄደው ወደ ሹሙ ጉድጓድ ነው። እሱ በመንሽ እያገላበጠ ያነደዋል፣ አመዱን በአፈር ይከድነዋል፣ በማግስቱም ከአመዱ ውስጥ የተረፈች ፍሬ እንዳትኖር ይበረብራል።

ማታ ሲወጣ ይፈተሻል። የሥራ ቱታውን አውልቆ ይሰቅላል፣ ጫማው በብሩሽ ይጠረጋል፣ ኪሱ ይገለበጣል፣ የሱሪው እጥፋት ይራገፋል። ጥበቃው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ጆሮውን ሁሉ ያየዋል። ሽታን ግን ማን ይፈትሸዋል?

ወደዚህ ሥራ የገባው ወዶ አይደለም። ዓመታት ሙሉ በጡብ ፋብሪካው ጡብ ሲጭንና ሲያራግፍ ኖሮ ወገቡ ከዳው። ትዳርም አንዴ ሞክሮ አልሰመረለት፤ ያለችው እናቱ ናት፣ ለእሷም ያላት እሱ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ «አረም ነቀላ ነው» ያሉትን ሥራ እሺ ብሎ ገባ። አረሙ ሲያልቅ መንሹን ሰጡት። የመጀመሪያውን ቀን አይረሳውም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ፤ ቢጫ፣ ድፍን፣ እጅ የሚሞላ በቆሎ ተቆልሏል፣ ትል የነካው አንድ እንኳ የለም። ክብሪቱን እንደያዘ ዞር ዞር አለ፤ «ተው» የሚለው ሰው ፈለገ። ሰው ግን ሥራውን ይሠራ ነበር። ጫረና ጣለ። ያን ቀን እናቱ «ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለው «እጠብቃለሁ» አላት። እንግዲህ ውሸት አይባል፤ እሳት ይጠብቃል።

እውነቱን ያልነገራት ስለሚያውቃት ነው። መሬት የወደቀች ፍሬ በዳበሳ ፈልጋ፣ አንስታ፣ እፍ ብላ የምትስም ሴት ናት። ሹሙ ገና እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ ታላቅ እህቱ በረሃብ ሞታለች። ይህን የነገረችው አክስቱ ናት፤ «ቤት ውስጥ ቆርጥመው የሚያድሩት ነገር አልነበረም» ብላ። እናቱ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። እሱ ልጅ ሆኖ ሲጠይቃት ወይ ውሃ ቅዳ ትለዋለች፣ ወይ በር ዝጋ ትለዋለች። ስለዚህ ይፈራል። እህል እያቃጠለ እንደሚያኖራት ያወቀች ቀን ከእጁ ውሃ እንኳ እንደማትቀበል እርግጠኛ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ።

የእሸቱ ቅያሜ ግን እየከረረ ሄደ። ግንባሩን መሳም ተወች። እጇን ትዘረጋለች፣ አፍንጫዋን ታዞራለች። ይህን መቋቋም አልቻለም፤ አንድ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ እሸት ከምትጠብሰው ሴት ዘንድ ሄዶ ሁለት ጥሬ እሸት ገዛ። ጥሬውን የፈለገው ቀቅሎ ሊያለሰልስላት ነው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። እሸቶቹን በእጁ ይዞ በመሀል መንገድ ቢሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እሱ ግን አሰበ፤ «ከተማው ሁሉ የት እንደምሠራ ያውቃል፣ በቆሎ ይዤ ብታይ ምን ይሉኛል?» አለና ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጣቸው። በፀሐይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ደረቱ አብጦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ያላየው ሰው አልነበረም።

ቤት ገብቶ እሸቱን ቀቀለ፣ ፈለፈለው፣ በማንኪያ ደፍጥጦ ጨው ነሰነሰበትና አቀረበላት። ቀመሰች። አገጯ ቶሎ ቶሎ ተንቀሳቀሰ።

«እሰይ!» አለች። «ለካስ ስትፈልግ ታውቅበታለህ!»

ያን ቀን ግንባሩን ሁለት ጊዜ ሳመችው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት እሸት፣ ጃኬት ውስጥ። የብርዱ ወቅት አልፎ ሙቀት ስለገባ ሳሏ ለቀቃት፣ ከበሩ ፊት ወንበር አውጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች፤ ለሚያልፉ ልጆች ከኪሷ ከረሜላ ታወጣለች፣ ስማቸውን በድምፃቸው ትለያለች። በዚያ ሰሞን እናትና ልጅ እንዳማረባቸው ነበር።

ከበራቸው ፊት ለፊት ልብስ ሰፊዋ አለች። የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምትሰፋው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ይህን መናገር ተገቢ ነው፤ አሮጊቷ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትሻገረው እሷ ናት። ዓይኗ ብቻ ሥራ ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ከሹሙ ጃኬት አንገት ላይ የእሸት ጢም ብቅ ብሎ አየች። ዚፕ ልታስቀይር ለመጣች ደንበኛዋ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነገረቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ደግሞ ይባላል፤ ሰፈሩ መላውን በአካፋ ጨመረበት። ሹሙ ልውጡን እየሰረቀ ለእናቱ ያበላል ተባለ። የለም፣ አይሰርቅም፣ የምርምር ጣቢያው ራሱ ነው አሮጊቷ ላይ የሚሞክረው ተባለ። ሳሏ የጠፋው በእሱ ነው ተባለ። ፀጉሯ ሊጠቁር ጀምሯል፣ መርፌ ላይም ክር ታስገባለች ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ያለ መነጽር ክር ማስገባት ያቃታትን መርፌ!

ሰው በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን አሮጊቷ የተቀመጠችበትን ወንበር እየጠረገ ይቀመጣል፣ የጠጣችበትን ብርጭቆ አይነካም፤ አጥንቷ ሲፈርስ ታያላችሁ ይላል። ሌላው ወገን ቀስ ብሎ በጓሮ በር ይመጣል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጣቢያው ይዘጋ ብለው ከፈረሙት መሀል የመጀመሪያው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደው ወንድሜ፣ ለጓሮዬ የምትሆን እፍኝ ዘር ካለችህ…»

«ፈርመህ የለም እንዴ?» አለው ሹሙ።

«ፊርማው ለሕዝብ ነው። ዘሩ ለቤቴ ነው።»

ሹሙ እንዲህ ባለው ሰው መሳቅም መናደድም አቅቶት ይሸኘዋል። የጎዳው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ መምጣት አቆሙ። እናቶቻቸው «ከእጇ ምንም እንዳትቀበሉ» ብለዋቸዋል። አሮጊቷ ከበሯ ፊት ከረሜላውን በመዳፏ ይዛ እግር ኮቴ ታዳምጣለች፤ ኮቴው ወደ ማዶ ተሻግሮ ያልፋል።

«ልጆቹ ምን ሆኑ?» አለችው።

«ፈተና ደርሶባቸው ነው እማዬ።»

«ሁሉም? ያ ጥርሱ የወለቀው ትንሹም?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ እሱ ለሸጎጠው እሸት እናቱ ተቀጣች። አሁንም ግን እውነቱን አልነገራትም።

ፊርማውን የሚያሰባስበው ጡረተኛው መምህር ነበር። የሚያስቁ ሰዎች ተከትለውታል እንጂ እሱ የሚያስቅ ሰው አልነበረም። ገበሬ ቤት ያደገ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማረ፣ የሚለውን አስቦ የሚል ሰው ነው። የአሮጊቷን ወሬ ሲሰማ ደነገጠ፤ ይህ ነገር እውነት ከሆነ አንዲት ምስኪን ላይ ግፍ ተሠርቷል ብሎ አመነ። እሑድ ጧት በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ፤ ጣቢያውም መጥቶ እንዲመልስ ጠየቀ።

የጣቢያው ኃላፊ፣ ሁሉም «ዶክተሯ» የሚላት ቀጭን ሴት፣ ሹሙን ወደ ቢሮዋ አስጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ ለመመዘን የተዘጋጀ ናሙና የሞላበት ሳጥን አለ፤ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለችው። «ከዚህ የወጣ ነው?»

«አይደለም ዶክተር። እናቴ ትሙት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ነው የገዛሁት።»

«አምኜዎታለሁ። ግን ታዲያ ለምን ደበቁት? ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። እሑድ መልስ ከሌለን ማሳው ይዘጋል። እርስዎም ከሥራ ይወጣሉ፣ እኔም እወጣለሁ፣ እሱ ይሁን፤ የስድስት ዓመት ሥራ ነው የሚቀበረው።»

ሹሙ ኮፍያውን በእጁ ያዞር ጀመር። ለምን እንደደበቀው ለመናገር ምን እንደሚሠራ መናገር አለበት። በአዳራሽ፣ በማይክሮፎን፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት። ከአዳራሽ የወጣ ነገር ደግሞ እናቱ ደጃፍ ለመድረስ እግር አያስፈልገውም። «እሞክራለሁ» ብሎ ወጣ።

እሑድ ጧት እናቱን «አንቺ እቤት አረፍ በይ» ብሏት ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፤ ልብስ ሰፊዋ ከኋላው መጣችና «እማማ፣ ስለ እርስዎ ነው የሚወራው፣ እርስዎ በሌሉበትማ አይሆንም» ብላ ክንዷን ይዛ ወደ አዳራሹ አመጣቻት። ደግ አሰበች ወይስ ጉድ ማየት አማራት? ሁለቱም ይመስለኛል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማይክሮፎኑ ያፏጫል። መጀመሪያ የተናገረው መምህሩ ነው።

«እኔ ሳይንስ አልጠላም» አለ። «ጥያቄዬ ሌላ ነው። ገበሬ ከአዝመራው ላይ ዘር ያስቀራል፣ ለጎረቤቱ ያበድራል፣ ለልጁ ያወርሳል። የዚህኛው ዘር ባለቤት ማን ሊሆን ነው? ነፋስ ብናኙን ወደ ሰው ማሳ ቢወስደውስ ማን ይጠየቃል? ሆዳችንን ብቻ አይደለም የምትነኩት፤ ጎተራችንን ነው።»

ተጨበጨበለት፤ የሚጨበጨብለት ነገርም ተናግሯል። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ አንድ ገበሬ ግን ከኋላ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ትሉ ማሳዬን ሲጨርሰው ማን ደረሰልኝ? መድኃኒት ስረጭ ኖሬ ይኸው ደረቴ ያፏጫል፣ ከዚህ ማይክሮፎን በላይ። እናንተ ጠግባችሁ ነው የምትከራከሩት፣ አትቆጡኝ።»

ለእሱም ተጨበጨበ። ሰው በዚያ ቀን ለማጨብጨብ ንፉግ አልነበረም። ከዚያ ልጅ የታቀፈች ወጣት ሴት እጇን አወጣች።

«እኔ አልተማርኩም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ጥሩ ከሆነ ለምን ታቃጥሉታላችሁ? መጥፎ ከሆነ ለምን ትዘሩታላችሁ?»

አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ዶክተሯ ጸጥታ እስኪሆን ጠበቀች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ጥሩ ነው ብለን እናስባለን» አለች። «እስካሁን ጉዳት አላየንበትም። ግን ‹ብሉ› ብለን ለሰው ለመስጠት እርግጠኛ መሆን አለብን። እርግጠኛ አይደለንም። ገና አላወቅንም።»

«አላወቅንም!» ብሎ አንዱ ጮኸ፣ ሰው በሳቅ ፈነዳ። «አላወቅንም እያሉ ለአሮጊቷ ያበላሉ!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። አሮጊቷ በልብስ ሰፊዋ ክንድ ተደግፋ ቆማለች። ሹሙ ከፊት ረድፍ ዞሮ አያት። እሷ ሰው እንደሚያያት አላወቀችም፤ ከሰማችው ሁሉ የያዘችው አንድ ቃል ነበር።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋ ላይ «በቆሎ ነው እማማ» አለቻት።

«በቆሎ? የሚበላው? ማን ነው የሚያቃጥለው?»

ሹሙ ቁጭ ብሎ መቅረት ይችል ነበር። ዶክተሯ ራሷ ዓይኗን ሰብራለች፣ የሥራ ጓደኞቹም መሬት መሬት ያያሉ፤ አንድም ሰው ስሙን አይጠራበትም ነበር። ግን ከዚህ በኋላ የሚሸጉጥበት ጃኬት አልነበረውም። ተነሳ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለ። «ሥራዬ እሱ ነው። የሚሸትሽ እሱ ነው። የበላሁት የለም፣ ያቃጠልኩት ነው። አንቺ የበላሽው ግን ከዚያ አይደለም፤ ገዝቼ ነው ያመጣሁልሽ።»

«ከኔ ነው የገዛው!» አለች እሸት ጠባሿ ከወደ መስኮቱ። «ሁለት እሸት ሊገዛ ሰባቱን ያገላብጣል፣ ‹ለእናቴ ነው፣ ለስላሳ ይሁን› እያለ ያሰለቸኛል! ምነው ዝም ብላችሁ ብትጠይቁኝ?»

«ታዲያ ለምን ደበቅከው?» አለ መምህሩ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እናቴ ልጇን በረሃብ ያጣች ሰው ናት። እህል እያቃጠልኩ እንደማኖራት እንድታውቅ አልፈለግኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ማንንም ሳያይ ከመድረኩ ወርዶ በሰዎቹ መሀል አልፎ አሮጊቷ ፊት ቆመ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን መከራከሪያ ማድረግ አልነበረብንም» አላት። እሷ የሰማችው አትመስልም። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ልጇን ትፈልግ ነበር። ሲደርስላት ክንዱን ያዘች።

«ወደ ቤት ውሰደኝ» አለች።

ፀሐዩ በርትቷል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሹሙ እርምጃውን በእርምጃዋ እየለካ የሚመጣበትን ይጠብቃል። የዕቃ መደብሩ ጋ ሲደርሱ ትንፋሿ አጠረና ደረጃው ላይ አስቀመጣት፤ እሱም ከእግሯ ሥር ተቀመጠ።

«ቀምሰኸው ታውቃለህ?» አለችው።

«የቱን?»

«የምታቃጥለውን።»

«አላውቅም። ክልክል ነው። ደግሞም… እፈራለሁ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። የከረሜላ ወረቀት ከኪሷ አውጥታ በጣቷ ስታለሰልስ፣ ስታጣጥፍ ቆየች፤ ከዚያ ስለ እሱ ሥራ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር መናገር ጀመረች።

«አክስትህ ምን ብላ ነበር የነገረችህ? እህትህ ስትሞት ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም ብላ አይደል?»

«አዎ።»

«ነበረ።»

ቀና ብሎ አያት። የደከሙት ዓይኖቿ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ ግድግዳ ያያሉ።

«ለዘር የሰጡን እህል ነበረ። ቀይ ቀለም የተቀባ። መድኃኒት አለበት፣ እንዳትበሉት፣ ዝናብ ሲመጣ ዝሩት አሉን። ዝናቡ ቀረ። ሰው አጥቦ፣ ደግሞ አጥቦ በላው። የዳነም ነበር፣ የሞተም ነበር። የሞተው በመድኃኒቱ ይሙት በረሃቡ ማን ያውቃል? እህትህ እህሉን አይታዋለች። ቀለሙ ደስ ብሏታል። ‹እማዬ ቀዩን ስጪኝ› ትለኛለች። ስትነቃ ቀዩን፣ ስትተኛ ቀዩን። ፈራሁ። እንዳታገኘው ከምድጃው ጀርባ ቆፍሬ ቀበርኩት።»

«እማዬ…»

«ቆይ። እሷን ቀበርን፤ ከዚያ ዝናቡ መጣ። እህሉን አወጣሁትና ዘራሁት። በቀለ፣ አፈራ። አንተ ጡት የጣልከው በእሱ ነው። እየበላህ ትስቅ ነበር። እኔ አንተን እያየሁ…» አልጨረሰችውም። ወረቀቱን በመዳፏ ጨበጠችው። «ባበላት ትተርፍልኝ ነበር? ወይስ በእጄ ልገድላት ነበር? ይኸው አረጀሁ፣ አላውቀውም። የምጠይቀው ሰው አልነበረም።»

ሹሙ ፊቱን ጉልበቷ ላይ ደፋ። ጎልማሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ፣ ግድ አልሰጠውም። ስለማያውቃት እህቱ አለቀሰ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ስለተሸከመችው እናቱ አለቀሰ። እሷ ፀጉሩን ትዳብሰዋለች።

«ያቺ ሴትዮ» አለችው ቆይታ፣ «ገና አላወቅንም ስትል ሁሉም ሳቀባት። ምን ያስቃል? ለማወቅ ቁጭ ያለ ሰው አለ ማለት አይደለም?»

«ተቀይመሽኛል?»

«እህል ሲቃጠልማ ያመኛል፣ አልዋሽህም። ሁልጊዜም ያመኛል።» ክንዱን ይዛ ለመነሳት ሞከረች፣ ደግፎ አነሳት። ከቆመች በኋላም እጁን አልለቀቀችውም። «ነገ ሥራህ ሂድ። ለሴትዮዋም ንገራት፤ ሳያውቁ ለማንም ልጅ እንዳይሰጡ። ግን ቶሎ ይወቁ። የራበው ልጅ ቆሞ አይጠብቅም በላት፤ አይታዋለች ብለህ፣ እናቴ አይታዋለች ብለህ ንገራት።»